ከብረቱ ጀርባ ሦስት ጣት

ዓርብ ማለዳ፣ ኻዴራ፣ ከባሕር ዛፉ መሐል፣
ጤዛው ሣሩን ሳይለቅ፣ የስፖንጁ አሳማ ቆሟል፤
ጎኑ በዝናብ ሻግቶ፣ አንድ ጆሮው ተቀዶ፣
በሃያ አምስት እርምጃ ያየኛል፣ መወጋቱን ለምዶ።

ያን ዘንግ በሌሊት ፈረቃ፣ ወረቀት ፋብሪካው ሲያንኮራፋ፣
በጠርሙስ ስባሪ የላግሁት ነው፣
የቱርክ ዶሮ ላባ ያሰርኩለት፣ ሳላንቀላፋ።

ቀስቴን ሳብኩ እስከ ከንፈሬ ዳር፤ ጅማቱ ጉንጬን ነካ፤
ለቀቅሁ። ድምፁ ግን ሌላ ነው፤ ቀጭ አለ፣ ቀጭ ብቻ። ለካ
ዘንጉ ተሰብሮ ኖሯል፤ ላባው ሣር ላይ ወድቆ፣
ብረቱ ግን አሳማው ውስጥ፣ እስከ አንገቱ ጠልቆ።

በቢላ ፈልፍዬ አወጣሁት። ኒታይ አይቶ ሳቀ፦
«የአምስት ሼቄል እንጨት ነው፤ ጣለው» አለኝ፤ ራቀ።
እኔ ሁለቱን ስብራት በመሐረብ ጠቀለልኩ፣
እንደ ደም ምርመራ ውጤት፣ ለአባቴ ይዤ ተመለስኩ።

አባቴ አስረስ ከሕንፃው ሥር፣ ከብስክሌት ማቆሚያው ጓዳ፣
መስፍና ጉጠት አለው፤ የጎረቤት ስሞታም አለበት ዕዳ።
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ስብራቱን በጥፍሩ ዳሰሰ፤
አሸተተው። አዎ፣ አሸተተው።
ወደ መስኮቱ ወሰደው፤ መለሰ።

«ብረቱ የእኔ ነው፤ ደህና ነው፤ ጫፉ እንኳ አልታጠፈም።
እንጨቱም ክፉ አይደለም፤ ትል አልነካው፣ አልጠወለገም።
ግን ክሩን እየው፤ ይኼ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ አልዘለቀም፤
ከጎኑ ሾልኮ ወጥቷል፤ ወንድሞቹን አልጠበቀም።
አንተም ሙጫውን ስታቀልጥ፣ እሳቱን አበዛህበት፤
ከብረቱ ጀርባ ሦስት ጣት፣ እዚች ጋ፣ ወዙ የጠፋበት።
የብረቱ እግር እዚህ ያበቃል፤ እንጨቱ ብቻውን ይጀምራል፤
ጠንካራው ድንገት ሲተወው፣ ደካማው እዚያው ይሰበራል።
አጭር ስብራት የድርቀት ነው፤ ረጅም ስንጥር የጠማማ ክር፤
ይኼ ሁለቱንም ነው።
የተሰበረ አይጣልም፤ ተወው፣ እሱ ይመስክር።»

ይህ ሰው፣
በመጣን በሦስተኛው ቀን፣ ጸሐፊዋ «ሞያ?» ስትለው፣
ከሰል የጠገቡ እጆቹን ከጠረጴዛው ሥር ከተታቸው፤
«ገበሬ» አለ። ተጻፈ። ገበሬ ሆኖ ቀረ።
ለምን ብዬ ለመጠየቅ እኔ አፈርኩ፤ ለመንገር እሱ አፈረ።
እዚያ ማረሻ ሲሠራላቸው፣ በቀን ይለማመጡታል፤
ሲመሽ ልጃቸው ከታመመ፣ «ዐይኑ ነው» ይሉታል።
ቀጥቃጭ የሚል ቃል ያኔ፣ ሞያ ሳይሆን ስድብ ነበር፤
ስለዚህ ደበቀው፣ የብረት እግር እንጨት ውስጥ እንደሚቀበር።

እኔስ? ኒታይ ብረቱን በመዳፉ መዝኖ፣
«የማን እጅ ነው?» ሲለኝ፣
«በፖስታ ያስመጣሁት» አልኩ። ምላሴ ቀደመኝ።

ለሳምንቱ፣ ማዘጋጃ ቤት ከቆረጠው ወይራ ጉማጅ አመጣ፤
እንደ እባብ ምላስ ሰንጥቆ፣ ከአዲስ ዘንግ አሳክቶ፣ ሙጫ አጠጣ።
ከሥጋ ሻጩ የለመነውን የጥጃ ጅማት አላመጠ፣
በቀሩት ስድስት ጥርሶች፤ ጠመጠመው፤
አንድም ዙር አላመለጠ።
«ሦስት ቀን ይደር» አለኝ። እኔ ሁለት ቀን ጠበቅሁ።

ዓርብ፣ ያው ጫካ፣ ያው አሳማ። ሳብኩ፤ ለቀቅሁ።
የወይራው አንገት ጸና፤ ብረቱ ገባ፤ ዘለቀ፤
ኋላው ግን፣ ጅማቱን የሚነክስበት አፉ፣ እስከ ላባው ተሰነጠቀ፤
አንድ ስንጥርም አውራ ጣቴ ውስጥ ገብቶ ተሰወረ።

አባቴ ጣቴን ትቶ፣ ዘንጉን በብርሃን እያዞረ፣
«ፊቱን ብናጠብቅ፣ ስብራቱ ወደ ኋላ ተሰደደ» አለ፤
«እሱም እንደ ሰው ነው፤ ከገፉት ሄዶ ያድራል፣ ቦታ እስካለ።»

ከዚያ ትንሹን ጉጠት አነሣ፤ «ጣትህን አምጣ»። ነቀለው።
ስንጥሩን ወደ አምፖሉ ያዘው፤ ክሩን አየ፤ አገላበጠው፤
ደሜን በሸሚዙ ጠርጎ፣ ኮምጣጤ ኪያር በነበረበት ጣሳ፣
ከሃያ ሁለት ስብራት ጋር ጨመረው፤ የእኔን ጣት ረሳ።

ደግሞ ቀና አለና፣ «ሙጫው ስንት ቀን አደረ?» አለኝ።
«ሦስት» አልኩት።